ነገ የሚከፈተው ገጽ

ነሐሴ 14፣ 2013

ዛሬ ሸህ ሐሰንና ጋሽ አምሳሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሱቄ መጡ። ኮፒ ሊያደርጉ መስሎኝ ማሽኑን አበራሁ። ሁለቱም የተፈናቃይ ተቀባይ ኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። አንድ ሊቀመንበር ይበቃ ነበር፤ ግን "አንተ ሁን፣ የለም አንተ ሁን" ሲባባሉ ሁለቱም ሆነው ቀሩ። ሸህ ሐሰን ከገበያው ጀርባ ያለው መስጊድ ውስጥ ያሰግዳሉ። ጋሽ አምሳሉ እኔን ሳይቀር ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው።

ከወልዲያና ከመርሳ የሸሸው ሰው እኛ ሐይቅ ከተማ ገብቶ ትምህርት ቤቱን ሞልቶ ተርፏል። ግማሹ ልጁን፣ ግማሹ እናቱን መንገድ ላይ አጥቷል።

"ድረ ገጽ የሚሉት ነገር አለ አይደል?" አሉኝ ጋሽ አምሳሉ። "የሰዉን ፎቶ ታወጪና ከሥሩ 'እገሌ ሐይቅ ነው ያለው' ብለሽ ትጽፊያለሽ። ዘመዱ ያለበት ሆኖ ስልኩን ከፍቶ ያየዋል።"

እችላለሁ አልኩ። ደሴ አራት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ ግን የሠራሁት የእድር ማስታወቂያና የሠርግ ጥሪ ብቻ ነው። "የአንድ ሳምንት ሥራ ነው" አልኳቸው። ሸህ ሐሰን መረቁኝ።

እነሱን ተከትላ እትዬ ረቢያ ገባች። የመርሳ ሰው ናት። ልጇን ሱረያን አይሱዙው ላይ አውጥታ ጓዝ ስታቀብላት ተኩስ ቀረበ፤ ሹፌሩም ነድቶት ሄደ። እሷ ጓዙን እንደታቀፈች መንገድ ላይ ቀረች። ልጅቱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ልጅቱ ጋ ነው፤ ሲደወልለት አይሠራም። መኪናው ወደ ደሴ ይሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያውቅ የለም።

"ደሴ ሄጄ ልፈልጋት ነበር" አለችኝ።

"እንዳትንቀሳቀሺ እትዬ። 'ረቢያ ሐይቅ ናት' ብዬ ነው የምጽፈው። አንቺ ደሴ ሄደሽ እሷ እዚህ ብትመጣስ?"

ጥቂት አሰበችና "መርሐባ" ብላ ተስማማች።

ነሐሴ 17

ፎቶ ስናነሳ ዋልን። የእትዬ ረቢያ ሻሽ ቢጫ ነው፤ ፎቶው ላይ ከሩቅ ይለያል። ሌሎቹ ሲነሱ ካሜራውን ይሸሻሉ፤ እሷ ግን ልጇ ውስጡ ያለች ይመስል ትክ ብላ አየችው።

ነሐሴ 19

የቀረኝ የፊደሉ ቅርጽ ነው። ሰው ፎንት ማለት ጌጥ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ በትንሽ ስልክ ላይ ሲወጣ፣ ፊደሉ ከወፈረ የ"መ" ዓይኖች ይደፈናሉ፤ ከቀጠነ ደግሞ "ሰ" እና "ሱ" አይለዩም። ስም የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ላይ መሳሳት የለበትም።

ሦስት መርጫለሁ፤ ስምም አውጥቼላቸዋለሁ። አንዱ "ደብተራው" ነው። የብራና ጽሕፈት ይመስላል፤ ጋሽ አምሳሉ ከእስጢፋኖስ ገዳም በስልካቸው አንስተው ካመጡልኝ መጽሐፍ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። (እኔ ሴት ስለሆንኩ ገብቼ አላየውም፤ ፎቶው በቂ ነው።) ሁለተኛው "ቀበሌው" ነው፤ ደረቅና ቀጥ ያለ፣ የስብሰባ ጥሪ የሚጻፍበት ዓይነት። ሦስተኛውን "ሙሽራው" ብዬዋለሁ። የላከልኝ ሰው ስሙ እንዳለ ነው። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ይሠራል፤ ገጹ የሚቀመጥበትንም ቦታ የሰጠን እሱ ነው። ሙሽራው እግሩ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፤ ጭንቅላቱ ደፋ ይላል። እስከዛሬ እንዲህ ያለ የአማርኛ ፊደል አላየሁም።

ነሐሴ 23

ዛሬ ሦስቱንም አትሜ ለሽማግሌዎቹ አሳየኋቸው። በአንድ አፍታ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ሸህ ሐሰን ጣታቸውን ደብተራው ላይ አሳረፉ። "ይኼ ይሁን። የእስጢፋኖስ ጽሕፈት እኮ የሁላችንም ነው። አምሳሉም ደስ ይበለው።"

ጋሽ አምሳሉ ደነገጡ። "ኧረ በአላህ ሸህዬ! ሙስሊሙ ሲያየው የቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ቢያልፈውስ? ያ ደረቁ ይሻላል።"

"ወላሂ አይሆንም። አንተ ገዳም ድረስ ሄደህ ያመጣኸውን ጥዬ?"

"እኔን ብለው ሕዝቡን አይበድሉ።"

"አንተስ እኔን ብለህ አይደል?"

እንዲህ ሲሉ አሱር ደረሰ። ሸህ ሐሰን ለሶላት ተነሱ። ጋሽ አምሳሉም በር ድረስ ሸኝተዋቸው ተመለሱና "እሳቸው ቅር እንዳይላቸው እንጂ እኔ ግድ የለኝም" አሉኝ። ቆየት ብለው ሸህ ሐሰን ሰው ልከው ያንኑ ቃል አስነገሩኝ። ባይዋደዱ ኖሮ ገጹ ዛሬ ይከፈት ነበር።

ሙሽራውን ማናቸውም ልብ አላሉትም። እኔም አልተናገርኩም።

ነሐሴ 29

እንዳለ ደወለ። የሚሠራበት ቢሮ የገጽ ንድፍ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። "የሐይቁን ሥራሽን አለቃዬ ማየት ይፈልጋል፤ አሳምሪው" አለኝ። ይህ ከሰዎቹ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። እንዲያው የሆነውን ለመመዝገብ ነው የጻፍኩት።

ርዕሶቹን በሙሽራው ቀየርኳቸው። የሽማግሌዎቹ ክርክር የስሞቹ ፊደል ላይ ነው፤ ስለ ርዕስ ማንም ምንም አላለም።

ጳጉሜን 4

እትዬ ረቢያ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች። አትጠይቅም። ቀና ስል ታየኛለች፣ ሳጎነብስ ታየኛለች። ሥራ ያስፈታል።

መስከረም 3፣ 2014

"ተከፈተ ልጄ?"

"ገና ነው እትዬ። ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም።"

"በምን ተጣሉ?"

"አልተጣሉም።"

ነገሩ አልገባትም። እኔም ለማስረዳት አልሞከርኩም።

መስከረም 6

እማ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። "ኢልሀም? እሷማ ፊደል ስትኩል ነው የምትውለው።" ሳቁ። እማ ስለ መስመር ክፍተት ምን ታውቃለች።

መስከረም 10

የማይሆን ቀን። እትዬ ረቢያ አብራት ከምታድረው ሴት አሮጌ ስልክ ለምና መጣች። "በዚህ አሳዪኝ፤ ልጄም የምታገኘው እንዲህ ያለ ስልክ ነው የሚሆነው" አለች። የሙከራውን ገጽ ከፈትኩላት። ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ ሙሽራው ደግሞ ከባድ ነው፤ አልወርድ ብሎ የስሞቹንም ፊደል አስቀረ። ስልኩ የራሱ አማርኛ የለውም። ሁሉም ፊደል ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ፤ በየመስመሩ የተደረደረ ባዶ ሳጥን።

ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። "ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ጽሑፍ ነው እትዬ። ስልኩ ማንበብ አቅቶት ነው።"

"ሰው ጥሎት የሄደ ሰፈር ይመስላል" አለች። "የኔ ስም የትኛው ነው?"

ዝም ብዬ አንዱን አሳየኋት። ጣቷን አስነካችውና "አብሽሪ፣ ይስተካከላል" አለችኝ። እኔ ማጽናናት ሲገባኝ እሷ አጽናናችኝ።

ሙሽራውን ማውጣት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ላቀለው እችላለሁ። የማያስፈልጉትን ምልክቶች ቆርጬ ባወጣቸው ክብደቱ ይቀንሳል። ጥቂት ቀን ይፈጃል።

መስከረም 19

መስቀል አለፈ። ሁለተኛ ስብሰባ። ጋሽ አምሳሉ ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው ደብተራውን ሊቀበሉ መጡ። ሸህ ሐሰንም ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው ቀበሌውን ሊቀበሉ መጡ። ሳቁ፣ ተቃቀፉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በመጨረሻ ሸህ ሐሰን "ለመውሊድ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያኔ ዱዓ አድርገን እንክፈተው" አሉ። ጋሽ አምሳሉም "እሱ ነው የሚያምርበት" አሉ።

"አሁን ብንከፍተውስ?" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የሙሽራው ማቅለል አላለቀልኝም ነበር።

ከውጫሌ በኩል እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ይሰማል። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል።

መስከረም 24

ሥራውን እስካለበት ድረስ ለእንዳለ ላክሁለት፤ አለቃው እንዲያይ ሳይሆን ኮምፒውተሬ ቢበላሽ እንዲተርፍ። አለቃውም አይቶታል። "ወዶታል፤ ግን የስሞቹ ዝርዝር ተጨናንቋል አለ" ብሎ ጻፈልኝ።

ቀጥሎ ደግሞ "ኢልሀም፣ ለምን ዝም ብለሽ አትለቂውም? ሰው እየፈለገ ነው እኮ" አለኝ። ተናደድኩ። እዚያ ሆኖ መናገር ቀላል ነው። አሳምሪው ያለኝ እሱ አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 4

ተኩሱ ቀረበ። አምባሰል ላይ ነው ይላሉ። ባጃጁ ሁሉ ወደ ደሴ ሰው ያመላልሳል።

እትዬ ረቢያ ዛሬ ሳትቀመጥ ቆማ ነው ያነጋገረችኝ። አንድ ሹፌር ደሴ ላይ የመርሳ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ተጠልለው አይቷል።

"ልሂድ ይሆን?"

"ለመውሊድ ይከፈታል። ጥቂት ቀን ነው የቀረው እትዬ። ብትሄጂ የጻፍኩት አድራሻሽ ውሸት ይሆናል።"

"ውሸትማ አይሆንም" አለችና ተቀመጠች።

የመውሊድ ዕለት

መንዙማው እንደ ወትሮው አልነበረም። ግማሹ ሰው ጓዙን ሸክፎ ነው የመጣው። ጋሽ አምሳሉ ከበሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ዱዓው ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ወደ እኔ መጡ።

"እኛ አልቻልንበትም" አሉ ሸህ ሐሰን። "አንቺ የወደድሽውን አድርጊና ክፈችው።"

"ዛሬውኑ" አሉ ጋሽ አምሳሉ።

"ነገ" አልኩ። "መስመሮቹን ላስተካክል፤ ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ።"

ምሽቱን ሙሉ የዝርዝሩን ክፍተት ሳሰፋ አመሸሁ። አሁን አይጨናነቅም። እውነትም ያምራል። እትዬ ረቢያ ከላይ ሦስተኛ ናት።

በማግስቱ

ኔትወርክ የለም። መብራትም የለም።

ጥቅምት 12

አሁንም የለም። እንዳለ ሊከፍተው ይችል ነበር። ክፈተው የምልበት ስልክ የለም።

ጥቅምት 15

ከባድ መሣሪያ። አልጋ ሥር ነን። እማ ያሲን ትቀራለች። እትዬ ረቢያን ከትምህርት ቤቱ ወደኛ አምጥቻታለሁ።

ጥቅምት 17

ከተማው በሌላ እጅ ነው። በሩ ተዘግቷል። ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 8

ሸህ ሐሰን አረፉ። ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ መብራት የለም፤ የነበራቸውም አልቆ ነበር። ጋሽ አምሳሉ ቀብሩ ላይ አፈር ሲያለብሱ አየኋቸው። 

ኅዳር 12

እትዬ ረቢያ ሄደች። እያየኋት ነው የሄደችው፤ ስለዚህ አላወቅሁም ልል አልችልም።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ዕቃዋን በፌስታል ቋጠረች። ቢጫ ሻሿን ገልብጣ በውስጡ አሰረችው፤ ከሩቅ እንዳትታይ ነው። ዋናውን መንገድ ትታ ከሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ በሚሄዱበት በኩል ወጥታ በገጠር ገጠሩ ደሴ ልትገባ ነው። መንገዱ ላይ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

"ትንሽ ጠብቂ" አልኳት። የምለው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

"ስጠብቅ ነው የከረምኩት ልጄ።" በቁጣ አይደለም የተናገረችው። "ያ ነገርሽ ይከፈት ይሆናል፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሰላም ሲሆን ትከፍቺዋለሽ። እኔ ግን ልጄ ደሴ ቁጭ ብላ ከሆነስ?"

እማ ቆሎ ቋጠረችላት። በር ላይ ሳመችኝና "አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም" አለችኝ። እንድትቀየመኝ ፈልጌ ነበር። ብትቀየመኝ የምከራከራት ነገር አገኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አነሳላት ነበር፣ ኔትወርኩን አነሳላት ነበር።

ቀኑን ሙሉ እንዴት ሆና ይሆን ስል ዋልኩ። ሐይቁ ዝም ብሏል። ጀልባ የሚያወጣ ሰው የለም።

ኅዳር 30

ከተማውን ይዘው የነበሩት ወጡ። ሱቄን ሄጄ አየሁት። ኮምፒውተሩ የለም፣ ማተሚያው የለም፣ ወንበሩ እንኳን የለም። ለሽማግሌዎቹ ያተምኳቸው ሦስት ወረቀቶች መሬት ላይ ተረጋግጠው አገኘኋቸው።

ጋሽ አምሳሉ ከኋላዬ ደረሱ። በጣም ከስተዋል። የደብተራውን ወረቀት አንስተው በእጅጌያቸው ጠረጉት። "እንግዲህ ይኼ ይሁን፤ ሸህ ሐሰን ያሉት ይፈጸም" አሉኝ። ከዚያ እዚያው አለቀሱ። "የኔ ግትርነት ነው ልጄ። በመጀመሪያው ቀን መርሐባ ብላቸው ኖሮ…"

"የርስዎ አይደለም ጋሼ" አልኳቸው። ከዚህ ያለፈ ግን አልነገርኳቸውም።

ታኅሣሥ 14

ደሴ ደርሼ ተመለስኩ። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱ፣ ሆስፒታሉም ገብቼ ጠየቅሁ። ቢጫ ሻሽ ያደረገች የመርሳ ሴት ያየ የለም። አንድ ገበሬ በመንገዱ በዚያ ሳምንት የወደቁ ሰዎችን እንደቀበሩ ነገረኝ። ስማቸውን አያውቅም። ሴት አለችበት ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ጥር 19

ኔትወርክ ተመለሰ። መጀመሪያ የደወልኩት ለእንዳለ ነው። በሕይወት መኖሬን ሲሰማ ጮኸ። ስለ ቢሮው ሥራ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። መስከረም ላይ የላክሁለት የገጹ ቅጂ እሱ ጋ አለ።

"ግን ሙሽራውን አውጥቼዋለሁ፤ አስቸገረኝ" አለ። "የራሱ ፎንት የለውም። ስልኩ በያዘው ፊደል ነው የሚያሳየው። ሌላ መርጠሽ ላኪልኝ?"

"እንዲሁ ክፈተው።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ምሳ ሳይቀርብ ተከፈተ። ከነሐሴ ጀምሮ ስንለፋበት የነበረው ነገር ይኼው ነው። በእማ ስልክ አየሁት፣ በጎረቤት ስልክ አየሁት፣ በጋሽ አምሳሉ ስልክ አየሁት፤ በሁሉም ወጣ። የ"መ" ዓይኖች አልተደፈኑም። "ሰ" እና "ሱ" ይለያሉ። ምንም አያምርም፤ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ለረጅም ጊዜ ያልተሰማኝ ደስታ ትንሽ ተሰማኝ።

ጥር 21

ከቀትር በኋላ፣ ገጹ ላይ ባስቀመጥኩት ስልኬ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ሱረያ ነኝ" አለችኝ። "ሱረያ፣ የረቢያ ልጅ፣ ከመርሳ። እናቴን አየኋት! አሁን ገጹ ላይ አየኋት፣ ሻሿን ሳይቀር!"

ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ያለችው ደብረ ብርሃን መጠለያ ነው። ስልኳ ያኔ መንገድ ላይ ጠፍቶባታል። "መስከረምን ሙሉ እኮ ደሴ ነበርኩ፣ እህቴ። በየቀኑ የሰው ስልክ እየለመንኩ ፌስቡኩንም ምኑንም ስፈልግ ነበር። ሐይቅ አጠገቤ እንዳለች ማን ይንገረኝ? ጥቅምት ላይ ደሴ ሲጨንቅ ከሰው ጋር ሸሸሁ።"

ደሴ ጠዋት ሄደን ለምሳ የምንመለስበት ከተማ ነው።

"ሱረያ፣ ስሚኝ" አልኳት።

አልሰማችኝም። ታነብልኛለች። "'ረቢያ እንድሪስ፣ ከመርሳ የመጡ፣ በሐይቅ ከተማ ይገኛሉ።' ይገኛሉ ይላል! የወጣው ደግሞ ከትናንት ወዲያ ነው። አልሐምዱሊላህ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። እንዳትነግሪያት፣ እኔው በር ላይ ቆሜ ላስደንግጣት።"

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ። አንድ ሰውዬ አንስቶ "ስልኩ የኔ ነው፣ ልጅቷ መሳፈሪያ ልትለምን እየሮጠች ወጥታለች" አለኝ። እንደገና ደወልኩ፣ አላገኘኋትም አለኝ።

ገጹን ከፈትኩት። እውነቷን ነው፤ እንደዚያ ይላል። ከትናንት ወዲያ በሦስት ስልክ እያገላበጥኩ ሳየው ፊደሉን ነው ያየሁት እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩትም።

ለእንዳለ "የት እንዳሉ አይታወቅም" በል ብዬ ላክሁለት። ወዲያው ቀየረው። ልጅቱ አሁን ስልክ የላትም፤ አታየውም።

እማ ነገ አብሬሽ መነኻሪያ ልውጣ አለችኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳት።